ለአባቴ ያደስነው ጋቢና

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ፒካፑን ውስጡን ሊያሳድስ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሆሳዕና ውስጥ አሁን ይህንኑ ሥራ ብቻ የያዙ ወጣቶች አሉ። ወንበሩን ቆዳ በሚመስል ነገር ያለብሳሉ፣ ጣሪያው ላይ ሰማያዊ መብራት ይተክላሉ፣ ከመሪው አጠገብ ትንሽ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር ይገጥማሉ። እኔ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ነበር። ልጆቹ ብሎኑን ፈትተው ወንበሩን ለሁለት ተሸክመው ሲያወጡት፣ ባዶውን ጋቢና አየሁት። የተራቆተ ላሜራ፣ ጥግ ላይ የተጠራቀመ አቧራ፣ የሆነ ጊዜ የወደቀ የቆሎ ፍሬ። ያ የዝገትና የአሮጌ ዘይት ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን ሲመታው ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"ምነው አባባ፣ አመመህ?" አለኝ የልጅ ልጄ።

አላመመኝም። አባቴ ትዝ ብለውኝ ነው።

ያኔ በጃንሆይ ዘመን፣ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ሾፌር ነበርኩ። አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ያረጁ ዕቃዎቹን ሲሸጥ ያገኘኋት ፒካፕ ነበረችኝ። ሞተሯ ጨዋ ነበር። በሞርሲቶ ገበያ ቀን ድንችና ጎመን፣ በጊምቢቹ ገበያ ቀን እህል ጭኜ ስመላለስ አስቀይማኝ አታውቅም። የጋቢናዋ ነገር ግን አይነሳ! የወንበሩ ሞላ ሽፋኑን በስቶ ስለወጣ ጆንያ አጣጥፌ ነበር የምቀመጥበት። ወለሉን ዝገት በልቶት መንገዱ ከእግሬ ሥር ሲሮጥ ይታየኛል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው በዚያው ይገባል። የተሳፋሪው በር የሚዘጋው በገመድ ታስሮ ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፣ ግድ አልነበረኝም። ቆጮ በጎመን ጠቅልዬ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጥና እየነዳሁ እበላለሁ። አቧራውም አብሮ ይበላል።

አባቴ የዶዮገና አገር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቅቤና ቡና በበቅሎ እየነገዱ ሆሳዕና መጥተው፣ እናቴን አግብተው እዚያው ቀሩ። እኔ ሾፌር ከመሆኔ በፊት ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብለው መቀመጥ አይችሉም፤ በር አጠገብ ባለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ጋደም ይሉና መንገደኛውን ሲያዩ ይውላሉ። ፈረስም ሆነ የጭነት መኪና የማይታሰብ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ሲያዘረዝር፣ አንድ ዘመድ ከዶዮገና መጥቶ ሲጫወት ዋለና ሊሄድ ሲነሳ፣ "ዴታሞ ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል" አለ። ዴታሞ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ማታ እራት ቀርቦ አባቴን እጅ ስናስታጥባቸው ወደ እኔ ዞር ብለው፣

"ያቺ መኪናህ እኔን ትችላለች?" አሉ።

እናቴ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆመች። የአባቴና የአጎቴ ነገር በቤታችን የማይነካ ነገር ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የሞቱት እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ክረምት ላይ። መርዶ ነጋሪው ሆሳዕና ሲደርስ፣ አባቴ በቅሏቸውን ጭነው ሲወጡ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲያግዳቸው፣ በመጨረሻ ተሻግረው ሲደርሱ መቃብሩ ተደፍኖ ነበር። ወንድማቸው ሳይጠብቋቸው ቀበሩ። አባቴ እርጥቡ አፈር ላይ ቆመው፣ "ለእኔስ እናቴ አልነበረችም?" ብለው ብቻ፣ ቤት ሳይገቡ፣ ውሃ ሳይቀምሱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለሠርግም ለለቅሶም አልተገናኙም። ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አጎቴ "እሱ ይምጣ" አሉ። አባቴ "እሱ ይምጣ" አሉ። ሽማግሎቹም አርጅተው አለቁ።

ስለዚህ ያን ማታ "ትችላለች" ያልኩት እናቴን እያየሁ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሸምሱ ሄድኩ። ሸምሱ ገበያው አፍ ላይ የሚሰፋ የስልጤ ልጅ፣ እኩያዬና ጓደኛዬ ነበር። ከሱሪና ከካኪ ኮት በቀር የመኪና ወንበር ሰፍቶ አያውቅም። "ሱሪ የሰፋ እጅ ወንበር ቢሰፋ ምን ይሆናል? ሁለቱም ለመቀመጫ ነው" ብሎ ሳቀ። ፒካፗን ቤታችን ደጅ፣ አባቴ ከአልጋቸው ሆነው በሚያዩት ቦታ አቆምናትና አራቆትናት። የበሰበሰውን ወለል ቆርጠን በላሜራ ለበጥነው። የተሳፋሪውን መቀመጫ ከሾፌሩ ለየነውና፣ መደገፊያው ወደ ኋላ ጋደም እንዲል አድርገን በብሎን አሰርነው። ስፖንጅ ያኔ በቀላሉ አይገኝም። እናቴ ከእንሰቱ ፍቃ፣ አድርቃ ያስቀመጠችውን ቃጫ አወጣችና ለሞላው መሸፈኛ ሰጠችን። አዲስ ቃጫ ሲጠቀጠቅ ሣር ሣር፣ ትንሽም ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ሸምሱ በላዩ ወፍራም ሸራ ሰፋበት፤ ከዚያ አባቴ የሚያርፉበትን ቦታ በለፋ የበግ ሌጦ አለበሰው።

ኅዳር ላይ ወንበሩ አለቀ። ጎረቤት ተጠርቶ አባቴን ተሸክመን አስቀመጥናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና፣ "ወገቤን ይወጋኛል" አሉ።

ፈታነው። ቃጫውን ጨመርን፣ እንደገና ሰፋን።

"አሁን በጣም ለሰለሰ፤ ያሰምጠኛል።"

ቀነስን። የገና ሰሞን ደግሞ ከበሩ ሥር ነፋስ ይገባል አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይገባ ነበር። ያረጀ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ቆርጠን የበሩን ዙሪያ ሁሉ ለጠፍን፣ መዝጊያውን በአዲስ ቀየርን፤ ከዚያ በኋላ በሩ ሲዘጋ "ድፍ" ይል ጀመር፣ እንደ ሣጥን። ጥምቀት ሲያልፍ የጣሪያው ላሜራ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል አሉ። ኮምፔርሳቶ ቆርጠን፣ ብርድ ልብስ አልብሰን ኮርኒስ ሠራንለት። ከዚያ ዳሽቦርዱ መቀባት አለበት ተባለ። "የወንድሜ ሰዎች ያያሉ፤ በዝገት ተጠቅልሎ መጣ እንዲሉኝ ነው?"

"ለጃንሆይ ነው እንዴ የምንሠራው?" አለ ሸምሱ በጆሮዬ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ፒካፗ በየሳምንቱ ታምራለች። የሰፈር ሰው እየመጣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ "ድፍ" የሚለውን ለመስማት። መምህራን ሳይቀሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆም ብለው ያዩ ነበር። ገበያ ቀን ስሠራ፣ በተረፈው ጊዜ ስቀባና ስመታ፣ በጋው በእጄ ላይ እንደ አሸዋ አለቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዶዮገና በመኪና ሲኬድ የግማሽ ቀን መንገድ ነበረች፤ መንገዱም ደረቅ ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የበልጉ ዝናብ ጀመረ። አንድ ጠዋት አባቴ የመስኮቱ መስተዋት ይርገበገባል ሲሉ፣ እናቴ ጎመን የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች። በሕይወቴ ለአባቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"መኪናውስ ካለቀ ቆየ። ያላለቁት እርስዎ ነዎት።"

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ምሳም አልበሉም። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ አንድ እንከን አላወጡም፤ ግን "እንሂድ" ለማለትም ሌላ ጊዜ ወሰደባቸው። ፋሲካ አለፈ፤ ዝናቡም ይመጣል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ ግንቦት ውስጥ መንገዱ ጠፈፍ ያለ ሰሞን፣ ከእንቅልፌ ስነሳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አገኘኋቸው።

መንገድ ላይ እኔ ጉድጓድ እያየሁ ቀስ ብዬ ነዳሁ። አባቴ ጋደም ብለው በመስኮቱ ያያሉ፤ ሽቅብ እየወጣን ሄደን ብርዱ ሲጀምር፣ የእንሰቱ ቅጠል እየሰፋ፣ የገብሱ ማሳ እየበዛ ሲመጣ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። የወንዞችን፣ የኮረብታዎችን ስም ነበር የሚጠሩት፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ስለ ወገባቸው አንድም ጊዜ አላነሱም።

አጎቴ ግቢ ስንደርስ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ልሸከማቸው በሩን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዙኝ። "አልወርድም። እንደ ሬሳ ተሸክመው ሲያስገቡኝ አያይም።"

"እሳቸው እኮ አያዩም አባባ" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። አባቴ ግን የሰሙም አይመስሉም ነበር። ከእንሰቱ መሐል፣ አንዲት ወጣት ልጅ እጃቸውን ይዛ፣ በበትር እየዳሰሱ የሚመጡ ረጅም ሽማግሌ ይታዩ ነበር። ልጅቷ የአጎቴ ልጅ አስቴር ናት። ያን ቀን ነው የተዋወቅነው።

አጎቴ መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸውን እንደ ወተት ያለ ነገር ጋርዶታል። እጃቸውን ዘርግተው ላሜራውን ነኩ፣ መስተዋቱን ነኩ።

"ዴታሞ፣ ግባ። ነፋስ ነው" አሉ አባቴ በከምባትኛ።

አስቴርና እኔ ደግፈን በእኔ በኩል አስገባናቸው። አጎቴ ሲቀመጡ እጃቸው መሪው ላይ አረፈ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ሲገባቸው ፊታቸው ፈካ አለ።

"እኔ ነኝ የምነዳህ?"

አባቴ ሳቁ። ያን ያህል የሳቁበትን ጊዜ አላስታውስም። ወገባቸውን በእጃቸው ይዘው እስኪያስሉ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያም ሳቁ ወደ ሌላ ነገር እየተለወጠ ሲሄድ፣ በሩን እንድዘጋ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ዘጋሁት። "ድፍ" አለ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ ነበሩ። አስቴር ቅቤ የፈሰሰበት የቡላ ገንፎ ይዛ መጣች፤ በመስኮት አቀበለቻቸውና ከአንድ ገበታ በሉ። እኔና እሷ እንሰቱ ሥር ቆመን በመስተዋቱ እናያቸው ነበር። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። አንዴ አጎቴ ጭንቅላታቸውን መሪው ላይ አስደገፉ። አንዴ አባቴ እጃቸውን አንስተው የወንድማቸውን ጉልበት ሲይዙ አየን። ድምፅ ግን አይወጣም። እኔና ሸምሱ ያን በር ለነፋስ ብለን ነበር እንደዚያ የደፈንነው።

ደመናው ከወደ ደቡብ መጥቆር ሲጀምር መስተዋቱን አንኳኳሁ። ዝናብ ከያዘን ያ መንገድ አያስወጣንም። አጎቴ ሲወርዱ፣ "ክረምቱ ይውጣና ና፤ ትሰነብታለህ" አሉ።

"መስቀልን እዚህ ነኝ" አሉ አባቴ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጎረምሳ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደጃችን ቆመ። አጎቴ ሞተዋል። ተቀብረዋልም። ወንዙ ሞልቶ ስላገደው ዘግይቶ ነው የደረሰው። እናቴ ጩኸቷን ለቀቀች። አባቴ ልጁን ወደ አልጋቸው ጠሩት።

"ትንሽ አልጠበቁኝም?"

"በዚህ ዝናብ ሬሳ እንዴት ይጠብቃል አባባ?"

አባቴ ጭቃ የለበሰውን የልጁን እግር አዩ። ከዚያ፣ "አዎ፣ አይጠብቅም" አሉ። "ውሃ ስጡት፤ እግሩንም ይታጠብ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ወንድማቸው ሲያወሩ አልሰማሁም። መስቀል ሲደርስ መንገዱ ደረቀ፤ ልወስዳቸው ጠየቅኳቸው። "ማን ጋ?" አሉኝ። ያን ወንበር ሌላ ሰው አልተቀመጠበትም ማለት አልችልም። ሥራ ነበረብኝ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም፣ የታመመ ሰውም አመላለስኩበት፣ ተመረቅሁበትም። እያንዳንዱ ሲመርቀኝ ግን ያ ደረቅ በጋ ፊቴ ላይ ይመጣ ነበር። አባቴ ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸውን ወንበር ላይ፣ በር ላይ፣ መስተዋት ላይ ሲያሳብቡት፣ እኛ ልጆቹ መዶሻ ይዘን እንታዘዝላቸው ነበር። ማንም ክፉ አላደረገም። ሁላችንም ስንሠራ ነበር። ግን ሁለት ወንድማማቾች ከዚያ ሁሉ ዓመት ኩርፊያ በኋላ የደረሳቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ።

አሁን ወደዚያ አገር ሰው ደርሶ ለምሳ ይመለሳል። አስቴር በሕይወት አለች፤ እሷም እንደ እኔ አርጅታለች፣ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

"አባትህ ምንም ሳይነግሩህ ሞቱ?" ትለኛለች።

"ምንም። ያንቺስ?"

"ያን ማታ ጠየቅኳቸው እኮ። 'ምን ተባባላችሁ?' አልኳቸው። 'ብዙ ይቀረናል' ብለው ተኙ።"

ይህን ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ እንጃ። እኔም በየጊዜው እንደ አዲስ እሰማታለሁ።