የማይጽፍ ብዕር ይዤ ናይሮቢ ገባሁ

ከሚዛን ከተማ ልወጣ ስል፣ በዋዜማው አመሻሽ ላይ፣ አባዬ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሠረው። መጀመሪያ እማዬ የሰጠችኝ ዳጣ እንዳይፈስ በላስቲክ ላይ ሌላ ላስቲክ ሊደርብበት ነው። ቀጥሎ ዲግሪዬ እንዳይታጠፍ ካርቶን መሀል ሊያስገባው። በሦስተኛው ግን የመሳያ ሰሌዳዬን ከልብሶቼ መሀል ስቦ አወጣና ብብቱ ሥር ሸጎጣት።

«ይቺ ትቅር» አለ።

የቀለደ መሰለኝ። ናይሮቢ የምሄደው ለሥዕል ሥራ ነው፤ በኮምፒውተር መሣል የለመድኩት ደግሞ በእሷ ነው። ለማታውቋት፣ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ የራሷ ስክሪን የሌላት ዕቃ ናት። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ትገናኛለች፤ በራሷ ብዕር ላይዋ ላይ ሲሣል ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። እጅ ታች ይሠራል፣ ዓይን ላይ ያያል። አባዬ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ያገለገለች ገዝቶ ከጅማ አመጣልኝና፣ ታፔላ ሠሪ ነውና፣ በታፔላ ቀለሙ ዙሪያዋን ፍሬም ሣለላት፤ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ የቡና ፍሬ። በቀኝ በኩልማ አንድ ሙሉ የቡና ቅርንጫፍ ነው ያሳረፈባት። «ከፍሬሙ እንዳትወጪ፣ ቀለሙ ይፋቃል» ስላለኝ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወጥቼ አላውቅም።

ለምን እንደምትቀር ጠየቅኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ በደንብ አይሰማም ነበር፤ ብቻ እዚያ የተሻለ ይሰጡሻል፣ አሮጌ ዕቃ ለምን ትሸከሚያለሽ የሚል ነገር ተናገረ። ዓይኔን ግን አላየኝም። እኔም ተከራክሬ የማውቅ ልጅ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ እጄን አውጥቼ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም መስኮቱ ይዘጋ እንደሆነ ነበር። ዝም ብዬ ተኛሁ፤ ንጋት ላይ ዝም ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ቦንጋን አልፈን ጅማ ልንገባ ስንል ነው ብዕሯ የቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ መቅረቷን ያየሁት። ሰሌዳዋ ከአባዬ ጋር፣ ብዕሯ ከእኔ ጋር።

ሞያሌ ላይ በእኛ በኩል ያለው ፈታሽ ቦርሳዬን ዘርግፎ ከዕቃዬ ሁሉ እሷን መረጠ። የእጁ ጀርባ ላይ ሞከራት፤ አልጻፈችም። ወረቀት አስመጥቶ ጫን አድርጎ ሞከራት፤ አልጻፈችም።

«ምንድነው ይሄ?»

«ብዕር ነው።»

«አይጽፍማ።»

«የሚጽፈው በሰሌዳው ላይ ነው።»

«ሰሌዳውስ የታለ?»

«ቤት ቀርቷል» አልኩ።

ሰውየው ብዕሯን ከፍ አድርጎ ከኋላዬ ለተሰለፈው ሰው አሳየ። «እኔ እኮ እዚህ ቦታ ብዙ አይቻለሁ። የማይጽፍ ብዕር ይዞ፣ የሚጽፍበትን ቤቱ ትቶ የሚሰደድ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። እኅቴ፣ በሰላም ግቢ።» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለይሉኝታ ሳቅኩ።

ናይሮቢ ስደርስ የከተማው ግዙፍነት ሳይሆን የሰላምታው ማጠር ነው ያስደነገጠኝ። እኛ ጋ የእናት፣ የአባት፣ የከብት፣ የዝናብ ደኅንነት ተጠይቆ ሳያልቅ መንገዱ ያልቃል። እዚህ «ሳሳ» ይሉሽና መልስሽን ሳይሰሙ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ውስጥ ገብተዋል። ኡጋሊ ሲቀርብልኝ ገንፎ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ግን መሀሉ ላይ የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ የለውም፣ እንዲሁ ነጭ ጉብታ ነው። ጎደሬ በዳጣ ትዝ አለኝና አፌ ምራቅ ሞላ። ዝናቡ ደግሞ ቀጠሮ እንዳለበት ሰው ዘንቦ ይሄዳል። የሚዛን ዝናብ ከመጣ የሚያድር እንግዳ ነው።

ማማ ንጄሪ የምትባለው አከራዬ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ኢትዮጵያውያን እንደሚጾሙ መስማቷን ነግራኝ ስንት ቀን እንደምጾም ጠየቀችኝ። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ እያልኩ ስዘረዝር ጣቶቿን አጥፋ አጥፋ ጨረሰቻቸው።

«ደግ ነው» አለች። «የሚጾም ተከራይ ጋዝ አይጨርስም።»

ሽሮም እሳት እንደሚፈልግ ለመንገር አፈርኩ።

ሥራው ለሕፃናት የትምህርት አኒሜሽን የሚሠራ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ያገኙኝ በኢንተርኔት ባስቀመጥኳቸው ሥዕሎች ነበር። ውላችን ግልጽ ነው፤ አንድ ወር ሙከራ፣ ካለፍኩ የሥራ ፈቃዱን ይጀምሩልኛል፣ ካላለፍኩ ወደመጣሁበት። አዲስ፣ ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ሰጡኝ። የእኔን ብዕር ሞከርኩባት፤ ለካ ብዕር ሁሉ ከየራሱ ሰሌዳ ጋር ብቻ ነው የሚናበበው። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና በእነሱ ብዕር ጀመርኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ክብ ፊት ያላት ሕፃን ነበረች። ሣልኳት። ፊቷ እንደ በቆሎ ራስ ወደ ላይ ረዘመ። አጠፋሁ፣ ደገምኩ። ፀሐይ ሣልኩ፤ የቆመ እንቁላል ሆነች። ኳስ ሣልኩ፤ እሱም እንቁላል። ድካም ነው ብዬ አደርኩ። በማግስቱም እንቁላል። ሳምንቱ ሲያልቅ የሥዕል ክፍሉ ኃላፊ ዋንጂኩ ከኋላዬ ቆማ ብዙ አየች፤ እኔም ትከሻዬን አጥብቤ ሣልኩ።

ሰኞ የኮምፒውተር ባለሙያውን ኦቲየኖን ጠራችልኝ። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ እየሠራ ያፏጫል። የብዕሩን ጫፍ ቀየረ። ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። የመሳያ ፕሮግራሙን የብዕር ሴቲንግ አንድ በአንድ ነካካ። ሰሌዳው ለሁለት ስክሪን ተካፍሎ ከሆነ ሥዕል ይዛባል ብሎ ሁለተኛውን ስክሪን ነቀለው። በመጨረሻ ሰሌዳውን ከስክሪኑ ጋር የሚያዛምደውን ገጽ ከፍቶ ወርዱም ቁመቱም ልክ መሆኑን አሳየኝ። ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ ክብ እሥላለሁ፤ አንድ እንቁላል ይወጣል። ያን ጊዜ ብዕሩን ከእጄ ወሰደና ራሱ ሣለ።

የሣለው እንደ ሳንቲም ክብ ነበር።

«መሣሪያው ደኅና ነው» አለ፤ ማፏጨቱን ትቶ።

አባቴን የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ከሚዛን እስከ ቴፒ ያሉትን የጎሚስታ ታፔላዎች የሠራው እሱ ነው፤ ጎማውን ያለ ኮምፓስ፣ ትንፋሹን ሳይመልስ፣ በአንድ ዙር ነው የሚያወርደው። እኔም ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ የቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ክብ አስለምዶኛል። ክብ መሥራት ያቃተው እጅ የእኔ ሊሆን አይችልም።

ዋንጂኩ ወረቀትና እርሳስ አመጣችና ክብ ሥዪ አለችኝ። ሣልኩ፤ ልቅም ያለ ክብ። ወረቀቱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ቀስ ብላ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ።

«ኤስተር፣ የላክሽልን ሥዕሎች የማን ናቸው?»

አስቴር ነው ስሜ። «የእኔ» አልኩና ዓይኔን ወደ መሬት አወረድኩ። እኛ ጋ ይሄ አክብሮት ነው። እዚያ ምን እንደሚመስል የገባኝ እሷ በረጅሙ ስትተነፍስ ነው። እስከ ዓርብ እንጠብቅ አለች፤ ዓርብ እንደዚሁ ከሆነ ግን ሙከራው እዚያ ላይ ያበቃል።

ምሳ ሰዓት የኋላው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አባዬ ጋ ደወልኩ። ለማልቀስ እንጂ መፍትሔ አገኛለሁ ብዬ አልነበረም።

በላሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ አከራይሽ ሰው ናት ወይ አለ። ሁሉንም መለስኩና «አባዬ፣ ክብ እምቢ አለኝ» አልኩት።

«በወረቀት?»

«በወረቀትማ ደኅና ነው። በሰሌዳው ነው፤ ቁመቱ ይረዝማል።»

ከኋላው የእኛ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማኛል።

«አባዬ፣ ተቋረጠ?»

«አልተቋረጠም። አለሁ።» ቀጠለና «ያ የቡና ቅርንጫፍ ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

«የቱ? ሰሌዳዋ ላይ ያለው?»

«እሱ። ከሥሩ ያለው የሰሌዳዋ ክፍል ሞቷል፤ ድሮም ሙት ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። ከጅማ ሲያመጣት አውቶቡሱ ጣራ ላይ የተጫነበት ሸራ ተቀዶ፣ ዝናብ ገብቶባት፣ ሚዛን ሲደርስ ቀኝ ሲሶዋ ብዕር አልሰማም ብሏል። የኮምፒውተር ጥገና ያለው ሰው ይጥላት ዘንድ መከረው፤ እምቢ ሲለው በደኅናው ሁለት እጅ ብቻ እንድትሠራ፣ ያችው ቦታ ስክሪኑን በሙሉ እንድትሸፍን አድርጎ አስተካከለለት። የሞተውን ደግሞ አባዬ ቅርንጫፍ ሣለበት።

«ታፔላ ሠሪ ነኝ፣ አስቱ። የዛገ ቆርቆሮ ሲመጣልኝ አበባውን የምሥለው ዝገቱ ላይ ነው። ምን ላድርግ? አንቺ በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ።»

ነገሩ አንድ በአንድ ሲገባኝ ደረጃው ከሥሬ የሚንሸራተት መሰለኝ። ጠባቡ ቦታ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጧል። በዚያች ሰሌዳ ክብ የሚሆንልኝ እጄ ቀጭን እንቁላል ሲሠራ ነበር። ዓይኔ ስክሪኑን እያየ እጄን በስውር ያንን አስተምሮታል። አሁን የሚለጥጠው የለም፤ እንቁላሉ እንቁላል ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። አራት ዓመት ያንን የማዛመጃ ገጽ አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ ደስታሽን እንዳላጠፋው። በኋላ ደግሞ ስትሥዪ አየሁሽ፤ ደኅና ነበርሽ። ደኅና የሆነን ነገር ማን ይነካል?» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያስቀረኋትም ሰው ፊት አውጥተሽ እንዳታፍሪ ነው። አስቸገርኩሽ እንዴ?»

አላስቸገርከኝም አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

ተመልሼ ኦቲየኖ ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ። እስኪያየኝ ብዙ ጠበቅኩ። የሰሌዳውን ቀኝ ሲሶ እንዲገድልልኝ ስለምነው እንግሊዝኛዬ የጠፋ መስሎት አስደገመኝ። ይሄ እኮ ብልሽት ነው አለ። አዎ፣ ብልሽቱን ነው የምፈልገው አልኩት።

«ስንት ሚሊሜትር ይቅርልሽ?»

«አንድ ስንዝር።»

«የማን ስንዝር?»

እጄን ሰሌዳው ላይ ዘረጋሁ፤ አውራ ጣቴ ግራ ጠርዙ ላይ፣ ትንሿ ጣቴ ፍሬሙ የነበረበት ቦታ ላይ። አራት ዓመት ሙሉ ከመሣሌ በፊት እንዲህ አሳርፋት ነበር። ኦቲየኖ ትንሿን ጣቴን እያየ የማዛመጃውን መስመር ወደ ግራ ጎተተ። ብዕሩን አንሥቼ፣ ትንፋሼን ሳልመልስ፣ በአንድ ዙር አወረድኩት።

ክብ።

ዋንጂኩ ተጠራች። ድገሚ አለች፤ ደገምኩ። አሥር አሠራችኝ፤ አሥሩም ክብ። ሕፃኗን ሣልኩላት፤ ሞላ ያለ ጉንጭ ይዛ መጣች። ከእኔ የሰማውን ሁሉ ኦቲየኖ ነገራት። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርስ ዋንጂኩ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ «ፖሌ» አለችኝ፤ በእነሱ ቋንቋ አይዞሽም ይቅርታም ነው። የሥራ ፈቃዱ ወረቀት በወሩ መጨረሻ ተጀመረ።

አንድ ነገር ግን ጠየቀችኝ። ሰሌዳዎቹን ሌሎችም ስለሚሠሩባቸው እንዲህ መኖር አልችልም፤ እጄ ይልመድ። ስለዚህ በየሰኞው ኦቲየኖ መስመሩን አንድ ጣት ወደ ቀኝ ይገፋልኛል። ማክሰኞ እንቁላል፣ ረቡዕ ግማሽ እንቁላል፣ ዓርብ ክብ። ሰኞ እንደገና እንቁላል። እንዲህ እያልን ቆየንና ባለፈው ሰኞ መስመሩ ጠርዙ ላይ ደረሰ። ዓርብ ዕለት በሙሉው ሰሌዳ ላይ ሣልኩ፤ ክብ ሆነ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የድሮውን ለመሣል ሞከርኩ፤ ያንን ቀጭኑን፣ የቤቱን። እጄ ጠፍቶበታል።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። አባዬ ሰሌዳዋን ሱቁ ውስጥ ከቀለም ጣሳዎቹ በላይ ሰቅሏታል፤ ደንበኛ ሁሉ ስለ ቅርንጫፉ ይጠይቀዋል። ብዕሯስ አለች ወይ አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አለች አልኩት።

«አሁንም ከፍሬሙ ውስጥ ነው የምትሥዪው?»

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት፤ መስመሩ ጠርዙ ላይ መድረሱን አልነገርኩትም።

«ጎሽ» አለ፤ ድምፁ ሲቀለው ተሰማኝ። «ቅርንጫፉን እንዳትነኪው።»

እሺ አልኩት።