የመሪጌታ ሰማንያ ዓመት

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ከማኅሌቱ መሐል መውጣታቸው ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቆመው የማይታክቱ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይወጡ ጀመር። «ብርድ ነው» አሉኝ። የመንዝ ብርድ ስንቱን ተሸከመ!

ከዚያ ደም መጣ። ከዚያ ሽንታቸው ጭራሹን ቆመ። ሆዳቸው ተነፋ። ጮኹ።

በበቅሎ ደግፈን ጠላት ወደያዘው ከተማ ልንወርድ ስንነሣ፣ «የጣሊያን መድኃኒት አልቀምስም» አሉ።

«ጣሊያንን ለመርገም እንኳ መጀመሪያ ይሽኑ!» አልኳቸው።

ከተማው ስንደርስ ጣሊያናዊው ሐኪም በቱቦ ሽንታቸውን አወረደላቸው። ከመረመራቸው በኋላ በአስተርጓሚ፣ «ፕሮስቴት የሚባለው እጢ ነው፤ ነቀርሳ ይዞታል። ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ሰማንያ» አሉ። ለእርቅ ሲጠሩም የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ በእኛ አገር ዕድሜ ያስከብራላ። ሐኪሙ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለቀዶ ጥገና አርጅተዋል። ቱቦውን እንደያዙ ይመለሱ።»

ደሜ ፈላ። «የምን ሰማንያ! ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ቀን ክርስትና የተነሡ ናቸው። እሱ ገና ስድሳ አራቱ ነው! አስምም አለባቸው፤ ተደግፈው ነው የሚተኙት። ያንንም ደብቀዋል።»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ።

«ዕድሜው አይከለክለኝም። ትንፋሹ ግን ካልተሻለ ቢላዋው ይገድላቸዋል።»

ሦስት ሳምንት ትንፋሻቸውን አከመ። እንዳያፍናቸው ፈርቶ ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጣቸውም፤ ወገባቸውን በመርፌ አደንዝዞ የዘጋውን ሥጋ ቆርጦ አወጣ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። «ነቀርሳው ሁሉ አልወጣም፤ ግን አዝጋሚ ነው» አለኝ። እኔም በበግ ጠጉር ባና ጠቅልዬ፣ ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጬ እየሰጠሁ፣ መጀመሪያ እስከ በር፣ ቀጥሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እያስኬድሁ፣ በክረምቱ መጨረሻ ጽናጽላቸውን ጨብጠው ሲቆሙ አየሁ።

ያን ሐኪም፣ ጠላትም ቢሆን፣ እግዜር ይስጠው። እናንተም በሽተኛ የያዛችሁ፣ ከሐኪም ፊት አትፈሩ፤ ዕድሜውንም ሌላ ሕመሙንም አንድ ሳትሸሽጉ ተናገሩ። በሽተኛው ቢያፍር እናንተ ንገሩለት።

ጠላት ከወጣ በኋላ መሪጌታ ለድንበር እርቅ ተጠሩ። ዋርካው ሥር ተነሥተው፣ «ሰማንያ ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ስሙኝ!» አሉ። ገና ሰባ አልሞላቸውም።

እኔም ከዳር ሆኜ፣ «አሜን፣ ያድርስዎ» አልሁ።