ሳይደርስ የቀረ ሚስኮል

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ካፌ ጠዋት ጠዋት አንድ ወጣት አያለሁ። የሹራቡ እጅጌ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ብዙ ፕሮሰሰር ላለው የኮምፒውተር ማሽን ድራይቨር የሚባለውን ማዘዣ ፕሮግራም ይጽፋል፤ አብራው ለምትሠራው ልጅም ያስረዳል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩ አንዴ ጮኾ ይቋረጣል። «እናቴ ናት፤ ደህና አደርኩ ማለቷ ነው» ይላታል።

ዛሬ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ስልኩ አልጮኸም።

«ፕሮሰሰሩ ዝም ቢልስ?» አለችው ልጅቷ።

«ተኝቶ ይሆናል፤ ጭራሽም ላይኖር ይችላል። መጀመሪያ መኖሩን ጠይቂ። ሳትጠይቂ መልስ ከጠበቅሽ ማሽኑ በሙሉ ቀጥ ይላል።»

ይህን ሲል ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። አንስቶ የእናቱን ስም ፈልጎ አገኘ፤ አውራ ጣቱ ግን መንካት አቃተው።

«ደውልላቸው እንጂ» አለችው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ትንሽ ልጠብቃት» አለ።