የአያቴ እሳትና የጋሽ ደምሴ ቴስታታ

ልጅ እያለሁ የሰው ቤት ሽንኩርትና ቅቤ ሲሸት የእኛ ቤት የተቃጠለ ዘይትና ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር። አባቴ ጂንካ ውስጥ መካኒክ ነበር። ጋራዥ ይባል እንጂ የግቢያችን ግማሽ፣ አንድ የማንጎ ዛፍና ከቆርቆሮ የተሠራ ዳስ ማለት ነው። ከዛፉ ሥር ሞተር ይፈታል፣ ከዛፉ ማዶ እናቴ ልብስ ታሰጣለች፣ ነፋስ ሲነሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። ዩኒፎርሜ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ያልነበረበትን ቀን አላስታውስም። ሰው መኪና ይወዳል፤ እኔ አልወድም። ቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥዬ የማወራውን የመኪና ፍቅር ያመጣው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በከተማችን ያሉት መኪኖች ወይ የጭነት ናቸው ወይ የመንግሥት። ለደስታ ተብላ የተሠራች አንዲት ብቻ ነበረች፤ የጋሽ ደምሴ ቀይ የአሜሪካ መኪና። ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አፍንጫዋ ከመቀመጫዋ የሚረዝም። ጋሽ ደምሴ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። መኪናዋን ከየት እንዳመጧት ሲጠየቁ በየጊዜው ሌላ መልስ ስለሚሰጡ ሰው መጠየቁን ተወው። ለጂንካ ጭቃ የተፈጠረች አልነበረችም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር እሷን መግፋት የሰፈሩ የጋራ ሥራ ነበር። ደረቅ ቀን ሲሆን ግን መሃል ከተማ ባለው ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር ዳሩን ሲነዷት ድምጿ ክፍል ውስጥ ድረስ ይሰማን ነበር። አስተማሪያችን ጠመኔውን ይዞ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ይህች መኪና ናት ከወይጦ ወደ ቀይ አፈር የሚወጣው ዳገት ላይ የፈላችው። ጋሽ ደምሴ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባቸውም። በረድ እስክትል መጠበቅ ሲገባቸው ሙሉ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሱባት። በጭነት መኪና ተጎትታ ግቢያችን ስትገባ አባቴ ቴስታታዎቹን አወረደ። ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ ነዳጁ የሚገባበትም ጭሱ የሚወጣበትም በር እሱ ላይ ነው። የእሷ ሞተር በግራና በቀኝ ሁለት ክዳን አለው፣ አንደኛው ተጣሟል።

“ምነው ጋሽ ደምሴ፣ የጋለ ብረት ላይ ውሃ ይደፋል እንዴ?” አለ አባቴ።

“አንዴ ሆኗል። ከፈታሃት አይቀር ድምጿን ጨምርልኝ” አሉት፤ ፀፀት የሚባል ፊታቸው ላይ አልነበረም።

ከአባቴ ጋር የሚሠራው ጋሎ ነበር፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። እናቴ በቀይ አፈር በኩል የበና ልጅ ናት። አባቴን አግብታ ጂንካ ስትገባ ከዘመዶቿ ማንም አልተከተላትም። ከዓመታት በኋላ ጋሎ ሊጠይቃት መጣና በዚያው ቀረ። ከእሱ ጋር በቋንቋዋ ስታወራ ሌላ ሴት ትሆን ነበር፤ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ትሳደባለች፣ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። አባቴ የብሎን መፍቻውን ይዞ ቆም ብሎ ይሰማታል። ያቺን ሴት እኔም እሱም በደንብ አናውቃትም ነበር። የምናያት ጋሎ ግቢ ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው።

መኪናዋ በተፈታች ሰሞን አያቴ መጣ፣ የእናቴና የጋሎ አባት። “መጣ” ማለቴ ንቀት አይደለም፤ በቋንቋቸው አንቱታ የለም፣ አባቴ “እርስዎ” ሲለው ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ይዞር ነበር። ከእጁ የማትለየውን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ማንጎው ሥር አኖረና ተቀመጠባት። የመጣበትን እዚያው ተናገረ፣ እናቴ እያስተረጎመች።

“ከብቶቼ ሰው አጥተዋል። ይህ ልጅ እዚህ ብረት አስታምማለሁ ይላል። መልካም፣ አሳዩኝ። ይህ የሞተ ብረት ከተነሳ ይቅር። ካልተነሳ ይዤው እሄዳለሁ።”

የመጨረሻዋን ያስተረጎመችው ወደ ጋሎ ዞራ ነው። አባቴ “ይነሳል” አለ። አባቴን ስለማውቀው እርግጠኛ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጂንካ ውስጥ ቴስታታ የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት አልነበረም፤ አርባ ምንጭ ልኮ መጠበቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው። አባቴ ወደ ጓዳ ገብቶ የእናቴን ትልቅ መስታወት አወረደ። በከተማው ውስጥ ከዚያ የተሻለ ለጥ ያለ ነገር የለም፣ የአውሮፕላን ማረፊያው እንኳ ጉብታ አለው። እናቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር፤ ያን ቀን ራሷ አቧራውን ጠረገችለት። የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ አንጥፈው፣ ቴስታታውን በፊቱ ደፍተው፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ይዘው እየገፉ ጥመቱን ፍቀው አጠፉት። ጋሽ ደምሴ ለሚሹት ድምፅ ደግሞ አባቴ የጭሱን መውጫ በክብ ሞረድ አሰፋው፤ ውስጡ ሻካራ እንዳይቀር በጣቱ እየዳበሰ። “እንድትጮህ አይደለም፣ እንድትተነፍስ ነው” ይላል። ጋሽ ደምሴ ሱቃቸውን ለሠራተኛ ጥለው በየጠዋቱ እየመጡ “አልተነፈሰችም?” ይላሉ።

የቀረው ባልቦላው ነበር። ባልቦላ እንጉዳይ የሚመስል ብረት ነው፤ የቴስታታውን በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ቴስታታው ላይ ከሚያርፍበት ክብ መቀመጫ ጋር በደንብ ካልገጠመ ሞተሩ ያነክሳል፣ ወይም ጨርሶ አይነሳም። እንዲገጥም አሸዋማ ቅባት ቀብተው ይፈጩታል። ባልቦላውን ጫፉ ላይ ላስቲክ ባለው ዱላ ይይዙና ዱላውን በሁለት መዳፍ መሃል ወዲያና ወዲህ ማሽከርከር ነው። አባቴ ለጋሎ አሳየው። “ትንሽ አዙር፣ አንሳ፣ ቦታ ቀይር፣ መልሰህ አስቀምጥ። እንዳትጫን፤ ከተጫንክ መቀመጫውን ይበላዋል።” ጋሎ እንደተባለው ሠራ፣ አባቴ እያየ ወደደለት። ጥቂት ባልቦላዎች ብቻ ሲቀሩ ወደ ካንጋተን የሚሄድ የመንግሥት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል ተብሎ አባቴን ወሰዱት።

አያቴ እስከዚያ ድረስ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ሲያይ ነበር። ጋሎ ብቻውን ዱላውን በመዳፎቹ ማሽከርከር ሲጀምር በሳቅ ፈረሰ። እንጨት በመዳፍ እያሽከረከሩ እሳት ማውጣት በእነሱ አገር ወንድ ልጅ ገና ጡት ሲጥል የሚማረው ነገር ነው፤ ጋሎን ያስተማረው ደግሞ ራሱ አያቴ።

“ከብቶቼን ጥለህ የመጣህለት ሥራ ይኸው ነው? እሱንም ረስተኸዋል። ምንድን ነው እንደ ዶሮ አሥሬ ማንሳት? ዱላ የሚያነሳ ሰው እሳት አያገኝም። ተጫን! እስኪግል እንዳታነሳ!”

የእናቴን ቋንቋ ግማሽ ግማሽ እሰማ ስለነበር እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጋሎ ግን አልሳቀም። አንድ ጊዜ በሩን አየ፣ አባቴ የሄደበትን። ከዚያ አባቱን አየ። አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ “ተጫን” ሲል ልጅ “ሌላ ሰው አትጫን ብሎኛል” አይልም። ተጫነ። ክንዱ እስኪወጠር ተጫነ፣ አላነሳም፣ ላቡ ብረቱ ላይ ተንጠባጠበ። አያቴ በእርካታ ራሱን እየነቀነቀ “እንደዚያ ነው እንጂ” ይል ነበር።

አባቴ አመሻሹ ላይ ተመለሰ። ቴስታታውን ዘቅዝቆ በየቀዳዳው ነጭ ጋዝ ሞላበት፤ ባልቦላው ከገጠመ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። አንደኛው ደረቅ፣ ሁለተኛው ደረቅ። ጋሎ የተጫነው ጋ ሲደርስ ግን ጠብ፣ ጠብ አለ። አባቴ ባልቦላውን አውጥቶ መቀመጫውን በጣቱ ዳበሰው። ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ተቆፍሮበታል።

“ጋሎ፣ ምን ሆነህ ነው? ነግሬህ አልነበረም?”

ጋሎ መሬት መሬቱን አየ። ቢገርፉት አይናገርም፣ አባቱን እንዴት አድርጎ ያጋልጣል! ነገሩ የገባት፣ ቀን አባቷ “ተጫን” ሲል የሰማችው እናቴ ናት። የምታጥበውን ልብስ ጥላ፣ ክንዷ ላይ አረፋ እንዳለ፣ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች። ሴት ልጅ አባቷን ቆማ አትናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች።

“ይህ እሳት አይደለም! ዱላው የሚነሳው ብረቱ እንዲድን ነው። አታንሳ ያልከው አንተ ነህ። ልጅህ አንተን ስላከበረ ነው ብረቱ የሞተው። አሁን ደግሞ ሞተ ብለህ ትወስደዋለህ?” ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች። “አንድ ወንድም ነው ያለኝ። አትውሰድብኝ።”

አባቴ ቋንቋው ስለማይገባው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።  አያቴ ተነሥቶ ቴስታታው ጋ ሄደና ሸካራ ጣቱን ቦዩ ውስጥ አስገብቶ አዞረው። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ ጋሎ ዞረ።

“ከብት የሰበረ ሰው እስኪድን አብሮት ያድራል” አለ። “የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይድናል?”

አባቴ ሲነገረው ራሱን አከከ። ይድናል፣ ግን በእጅ ነው፣ ቀስ ተብሎ። የባልቦላውን መቀመጫ በመቁረጫ አዲስ አድርጎ ቆረጠው፣ ሌላ ባልቦላ ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ ፈልጎ አስተካከለለት። ለመፍጨት ሲደርስ አያቴ እጁን ዘርግቶ ዱላውን ተቀበለ። ጋሎ አጠገቡ ተንበርክኮ “አንሳ… አዙር… አስቀምጥ… አንሳ” ይለዋል። አባት በልጁ ትእዛዝ ሲሠራ ያየሁት ያኔ ነው። ሽማግሌው ያጉረመርማል፤ “ይህ የሌባ ሥራ ነው፣ ነካ አድርጎ መሸሽ።” ግን ያነሳ ነበር።

ነጭ ጋዙ እንደገና ሲሞላ አንዲትም አልወረደችም። ሁሉም ተገጥሞ፣ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ቁልፉን ሲያዞሩ፣ ማንጎው ላይ የነበረ ወፍ አንድ ሳይቀር ተነሣ። የጎረቤት ፍየሎች ገመድ በጥሰው ጠፉ። ጋሽ ደምሴ መኪናዋን ሳሟት፣ እናቴ በዚያ በማናውቀው ሳቋ ሳቀች። አያቴ ጆሮውን ሳይሸፍን እስከ መጨረሻው ሰማና “ተነሳ” አለ። 

በማግስቱ ወደ ቀይ አፈር በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈረ። ጋሎ ደግፎ አወጣው፣ የእንጨት መቀመጫውን አቀበለው። አያቴ አልመረቀውም፣ አልተቆጣውም፣ ወደ ኋላም አልዞረም። እኛ ቤት ደስታው ሰነበተ። ጋሎ ግን “ተቀይሞኛል” ብሎ ያዘ። “ሂድ ጠይቀው” ስትለው እናቴ፣ “በምን ዓይኔ?” ይላል። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ፣ ከዚያ ሌላ፣ እያደር መሄዱ እየከበደ መጣ። መንገዱ እኮ የግማሽ ቀን እንኳ አይደለም! በመጨረሻ የሄድነው መርዶ ሲመጣ ነው።

እዚያ አንድ ዘመዳችን ነገረን። አያቴ በየገበያ ቀኑ መንገድ ዳር ይቀመጥ ነበር አሉ። የሚያልፉትን መኪኖች ያስቆምና ሾፌሮቹን “ይህን ጋሎ ነክቶታል?” ይላል። አዎ ያሉትን ይመርቃል። አይ ያሉትን “ሂድ፣ ያነክሳል” ብሎ ይሸኛቸዋል። ጋሎ ይህን ሲሰማ ሰው መሃል ተቀምጦ በሁለት መዳፉ ፊቱን ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፣ ለአያቴ ይሁን ለጋሎ እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ ጂንካ አስፋልት ለብሳለች፣ ባጃጁ ሰው አላስኬድ ብሏል፣ የአውሮፕላን ማረፊያውም ከመሃል ከተማ ወጥቷል። ቴስታታ ሲጣመም ማንም የሚስቱን መስታወት አያወርድም፤ ስልክ ይደወላል፣ ሌላ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል። አባቴ አርፏል፣ ጋራዡ የጋሎ ነው፣ ማንጎውም ዳሱን ለማስፋት ሲባል ተቆርጧል። ያኔ ሁሉ ነገር የተሻለ ነበር አልልም። ጥርሳችንን የምንነቀልበት ሐኪም እንኳ በቅጡ አልነበረንም።

የጋሎ ትልቁ ልጅ በቅርቡ “ብረት አልፈልግም፣ ሐዋሳ ሄጄ ኮምፒውተር እማራለሁ” አለ። ጋሎ ክረምቱን ሙሉ አኮረፈ። እኔን ጠርቶ “ንገሪው፣ ይቅር” አለኝ፤ አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ አብረን ሸኘነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፣ ልጁ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ጋሎ መስኮቱ ሥር ቆመ። እየፈራሁ አየሁት፣ አሁንም ዝም ሊል ነው ብዬ።

“ከከበደህ ተመለስ” አለው። የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ፣ “ካልከበደህም ተመለስ።”

ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስለነበር አልሰማውም። ጋሎ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ማዳመጫውን ነቀለና ደገመለት።