አንቺ በሉኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ በነበሩበት ዘመን፣ መርካቶ ውስጥ ከሸማ ተራ ጀርባ በነበረው ግቢያችን ተረት የምንሰማው ከእትዬ በለጡ ነበር። እትዬ በለጡ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ የሺ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ የቀረቻት፣ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች የምታስረክብ የመንዝ ሴት። ያኔ ለታላቅ እንደሚገባው «እርስዎ» እላት ነበር። ዛሬ ስጽፍ «እሷ» የምላት ንቄያት አይደለም፤ ምክንያቱ ስቀጥል ይገባችኋል።

ሲመሽ የአውቶቡስ ተራ ጥሩምባ ጋብ ይልና፣ የሱቆቹ የቆርቆሮ መዝጊያ እየተንኳኳ ይወርድና፣ እኛ የግቢው ልጆች ደጃፏ ላይ እንኮለኮላለን። ውስጥ ኩራዙ ይጨሳል፣ ከሰሉ ማንደጃው ላይ ይፋማል። እሷ እንዝርቷን ታስቀምጥና አንድ ፍም በመቆንጠጫ አንስታ ሲጃራዋን ትለኩሳለች፤ አንዴ ሳብ አድርጋ ጭሱን በአፍንጫዋ ከለቀቀች በኋላ ነው ተረቱ የሚጀምረው። ያኔ ያ ጭስ ለእኔ የተረቱ በር ነበር፤ ሽታው እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ተረቷን ተረት ያደረገው ድምጿ ነው። አይጥ ስትሆን ድምጿ በጥርሷ መሀል እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣል፤ ጦጣ ስትሆን በአፍንጫዋ ትናገራለች፤ አያ ጅቦ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ከሆዷ አጎርንና ታወጣውና ትንንሾቹ ልጆች ቀሚሴ ስር ይወሸቃሉ። አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ጫካ ሙሉ እንስሳ ታናግር ነበር።

ያኔ ክርስቲያን ሴት ስታጨስ ማየት በሰፈራችን ትልቅ ነውር ነበር። እትዬ በለጡን ግን ማንም አልነቀፋትም፤ የምታጨሰው እሷ አይደለችም ይባል ነበርና። ባሏ በሕይወት ሳለ ከየሺ በኋላ የወለደችው ልጅ ሞቶባት፣ ሐዘኑ አላስነሳ ቢላት፣ አንድ ባለዛር ዘንድ ወሰዷት። ሰውዬው ያደረባት ዛር ትምባሆ የለመደ ጌታ ነው፣ ካላጨሰ ማሕፀንሽን አይለቅልሽም አላት። እሷም አጨሰችለት። ከዚያ በኋላ የፀነሰቻቸው ሳይወለዱ ወረዱ፤ ጌታው አልጠገበም ተባለና ጨመረችለት። እንደዚያ እያለ ባሏም ሞተ፣ ሲጃራው ቀረ።

ድምጾቿ እንዴት አንድ በአንድ እንዳለቁ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የጠፋችው አይጧ ናት። አንድ ማታ እትዬ በለጡ አይጧን ልታናግር አፏን ብትከፍት አየር ብቻ ወጣ። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ደገመች፣ እምቢ አላት፣ ከዚያ ሳቀችና አይጧን ዛሬ ጉንፋን ይዟታል አለችን። አይጧ ተመልሳ አልመጣችም። ቀጥሎ ጦጣዋ ሄደች፣ ከዚያ ቀበሮዋ፣ ከዚያ በተረቱ ውስጥ የነበረችው ሙሽራ፤ ጫካው ሁሉ ተራቁቶ ጅቡ ብቻ ቀረ። እኛ ምን ቸገረን፣ ጅቡን ከሁሉም አብልጠን እንወደው ነበር። ሳሏ ሲነሳባትና ዓይኗ ደም እስኪመስል ስትታገል፣ አያ ጅቦን አጥንት አነቀው እያልን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

እኛ ለሳቅንበት ድምፅ ትልልቆቹ ተንበረከኩለት። የሴት ጉሮሮ ይህን የመሰለ የወንድ ድምፅ ከየት ያመጣል፣ ጌታው እንዳለ ወርዶባታል ማለት ነው ብላ መጀመሪያ ያወራችው እናቴ ናት። ዛር ያለባት ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች፤ ይጋልባታል፣ በአፏም ይናገራል። እናቴ አስካለ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በግቢው ውስጥ ቃሏን ከቁም ነገር የሚቆጥርላት ሰው ያልነበራት ሴት ነበረች። ድንገት የጌታው አጋፋሪ ሆና አረፈችው፤ እንግዳ ታስገባለች፣ ጌታው ያጉረመረመውን ትፈታለች፣ ማን ቶሎ እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚጠና ትወስናለች። ከጎጃምና ከወሎ የመጡ መካን ሴቶች ከአውቶቡስ እንደወረዱ ጓዛቸውን ሳያሳርፉ ወደ ግቢያችን ይጎርፉ ጀመር፣ እያንዳንዷ ለጌታው ሲጃራ ይዛ። ልጅ የሚለምኑት ጽንስ አልበረክት ካላት ሴት እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። እናቴ ከመጣው ሲጃራ አንዱን ትለኩስና እትዬ በለጡ አፍ ላይ ታደርግላታለች።

ያን ሰሞን አንድ ቃል ተለወጠ። ሴቶቹ እትዬ በለጡን «አንቺ» ማለት ተዉ። «አጭስ ጌታዬ»፣ «ማረን ጌታዬ»፣ «ምን ትሻለህ» ሆነ ነገሩ፤ ዛሩ ወረደ በተባለበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ውሃ ስትቀዳም፣ ቀሚሷን ስታሰጣም። እኛ ልጆች እርስዎ ስለምንላት ለውጡ አልደረሰንም፤ እርስዎ ወንድም ሴትም የለውም። የባሰው ግን ከዚያ ወዲህ ከአፏ የወጣው ሁሉ የጌታው ቃል ነው መባሉ ነበር። ደከመኝ ስትል ጌታው በፈረሱ ተቆጣ። ሲጃራው አስጠላኝ ስትል ጌታው የቀረበለትን ናቀ፣ የተሻለ ይምጣለት። እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም።

አንድ ጠዋት ምራቋን መዋጥ አቅቷት ደም ተፋች። እናቴ ገበያ እስክትወጣ ጠበቀችና ነጠላዋን ተከናንባ የሺን አስከትላ ሆስፒታል ሄደች። የሺ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሐኪሙ ያላቸውን ከውሃ ቧንቧው አጠገብ እያለቀሰች ነገረችኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ ክፉ እባጭ በቅሏል፣ ያመጣው ሲጃራው ነው፤ ለወረዱት ጽንሶችም ሲጃራው እጁ ሳይኖርበት አይቀርም። አሁኑኑ አቁማ ኦፕራሲዮን ብትሆን ድምጿ ይሄድ ይሆናል እንጂ ነፍሷ ሊተርፍ ይችላል፤ ሰኞ አንድ አዋቂ ዘመድ ይዛችሁ ኑ ብሏቸዋል። እትዬ በለጡ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የምትለው አልነበራትም። የነበረቻት እናቴ ናት።

እሑድ ማታ እናቴ ሁለት እንግዶች አስከትላ ስትገባ እኔና የሺ ከበሩ ሥር ተቀምጠን ነበር። እትዬ በለጡ ፍራሿ ላይ ተደግፋ ሐኪሙ ያለውን እየቆራረጠች ነገረቻትና ነገ አብረሽኝ ሂጂ አለቻት። እናቴ ሰምታ ስታበቃ «ጉሮሮውን ሊያርዱት?» አለች። ጉሮሮውን እንጂ ጉሮሮዋን አላለችም። እትዬ በለጡ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። የተናገረችው በዚያው በጅቡ ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልቀራትም።

«አስካለ፣ እኔ ነኝ። በለጡ ነኝ። አንቺ በሉኝ።»

እናቴ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰማችሁልኝ? ፈረሱን መስሎ እየፈተነን ነው» አለቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ እኔም ሆንኩ አባቴ አይተንባት በማናውቀው ትሕትና «አውቀንሃል ጌታዬ» አለቻትና የተለኮሰ ሲጃራ በከንፈሮቿ መሀል አስገባችላት።

እትዬ በለጡ አልተፋችውም። ሱስ ነው፤ ስንት ዓመት ያጨሰ ሰውነት እንዲህ በአንድ ቀን አይታዘዝም። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳበችው፣ ሴቶቹም ጌታው ታረቀን ብለው መሬት ሳሙ። ከዚያች ማታ ጀምሮ እናቴን ጠላኋት። ስሜቱ እስከ ዛሬ ሙሉ ለሙሉ አልወጣልኝም፤ ብትሞትም አልወጣልኝም።

ሰኞ እናቷ ከፍራሿ መነሳት ስላቃታት የሺ ብቻዋን ብትሄድ በረኛው አዋቂ ሰው አምጪ ብሎ መለሳት። ከዚያ በኋላ ተረት የሚባል ነገር አልነበረም። እኔና የሺ ማታ ማታ ኩራዙን አብርተን ከአጠገቧ እንቀመጣለን፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አንድ ምሽት ከንፈሯን አሹላ ጥርሷን ገጥማ ስታንቀሳቅስ አየሁና የያዘችው የአይጧን ተረት እንደሆነ ገባኝ። ለየሺ ነገርኳት። ሁለታችንም የማይሰማውን ተረት እስኪያልቅ ሰማነው።

ድምፁ ሲጠፋ ሰዎቹም ጠፉ። ጌታው ወርዶ ሄዷል፣ ፈረሱን ጥሎታል ተባለ፤ እናቴም ባዶ ደጅ መጠበቅ ሰልችቷት ወደዚያ ክፍል መግባቷን ቀነሰች። እትዬ በለጡ በጾሙ መሀል፣ አጥሚት እንኳ አልወርድ ብሏት፣ በረሃብ ሞተች ማለት ይቻላል። ቀብሯ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ «እህቴ፣ ምነው ጥለሽን» እያሉ አለቀሱላት። አንቺ የተባለችው ሬሳ ከሆነች በኋላ ነው።

ሐዘኑ ሳይወጣ እናቴ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። ጌታው አልሄደም፣ የሚጭነው ፈረስ እየፈለገ ነው፣ ዛር ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል። የሺን ጠጉሯን ጎነጎነችላት፣ ቅቤ ቀባቻት፣ የእናቷን ነጠላ አለበሰቻትና የእናቷ ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት። የቀድሞዎቹ ሴቶች ተሰብስበው ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። የሺ አላጭስም አላለችም። እናቷ እምቢ ባለች ጊዜ የሆነውን አይታለች፤ ከእናቴ ሌላ የሚያበላት ሰውም አልነበራትም።

እናቴ ሲጃራውን ከፍሙ ለኩሳ አቀበለቻት። የሺ አንዴ ሳበች፣ ጭሱም አነቃት፤ ዓይኗ ፈጦ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ሳለች። ያን ሳል ሲሰሙ ሴቶቹ ብድግ አሉ፣ መጣ አሉ፣ ቤቱም በእልልታ ተሞላ።

ከልጅነቴ የቀረኝ ይህ ነው። ልጆቼ ተረት ንገሪን ሲሉኝ የእትዬ በለጡን ተረቶች እጀምርና መሀል ላይ ይጠፉብኛል፤ አይጧ ምን ብላ እንዳመለጠች እንኳ አሁን አላውቅም። እልልታው ግን አልጠፋኝም። አንዲት ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ስትታገል በደስታ የተባለ እልልታ ነው፤ ከሁሉም ረዝሞ የወጣው፣ ከሁሉም ያማረው ድምፅ የእናቴ ነበር።