የሰው አገር ልንገባ ነው

በጃንሆይ ጊዜ ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዲላ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ህንዳዊው የሒሳብ አስተማሪ ከአገሩ ደብዳቤ በመጣለት ቁጥር ቴምብሩን ይሰጣቸዋል። እሳቸውም ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያላቅቁትና መስኮቱ መስታወት ላይ ያደርቁታል። ለማየት ስጠጋ፣ «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፤ የሰው አገር ልንገባ ነው» ይሉኛል። ራሳቸው ግን ለዲላ ቅርብ ከሆነችው ከፍስሐ ገነት ከተማ ወዲያ አልፈው አያውቁም።

አብልጠው የሚወዱት ነጩ የህንድ መቃብር ያለበትን ቴምብር ነበር። «ይህን ያሠራው ንጉሥ ሚስቱ ሞታበት ነው» ይሉኛል።

አስተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ ፖስት ካርድ ሊልክላቸው ቃል ገባ። ጋሼ ፖስታ ቤት ሲመላለሱ ከርመው አረፉ። ካርዱ የመጣው አርባቸው በወጣ በማግስቱ ነው፤ ነጩ መቃብር ያለበት።

እጄን ታጥቤ ከባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ እጄ ከደረቀ ቆየ፤ ማን ይዞኝ ይግባ?