ያለ መርዶ የተለቀሰው ልጅ

ወረታ ውስጥ ሙናዬ ያላስለቀሰችው ቤት ካለ፣ ሰው ሞቶበት የማያውቅ ቤት ነው። ሙሾ አውራጅ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንበሳሜ እስከ ይፋግ እየተጠራች አልቅሳለች። ባሏ አዛናው ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ይዘራል፤ እሷም ሩዝ ስታርም ውላ የእድር ጡሩምባ ከሰማች እግሯን ከጭቃው ታጥባ ትሄዳለች። "የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው" ይባላል፤ ሙናዬ ግን የማንንም አንገት አታስረዝምም። ስስታም ሰው ሲሞት ለጋስ ነበር አትልም፤ በሬዎቹን አወድሳ ትቀመጣለች። ስለዚህ ሰው ቃሏን ያምናል።

አንድ ልጅ ነበራት፣ ገበያው። የዛሬ አምስት ዓመት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ወረደ። ሁለት ጊዜ ደወለ። ከዚያ አገሩ ታመሰ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ዝም አለ። አብረውት ከወረዱት የተመለሱት "አንድ እርሻ ላይ ተለያየን" ከማለት በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም። መርዶ አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ የለም፤ መርዶ ሳይረዱ ማልቀስ በሕያው ሰው ላይ ማሟረት ነው። አዛናው ይህን ደንብ የሙጥኝ ብሎ ያዘ። አንዲት ጊደር ለይቶ "የገበያው ናት" አለ፤ ማንም ስለ ልጁ "ነበር" ብሎ ሲያወራ ከሰማ ተነሥቶ ይሄዳል።

ሙናዬን ግን የልጇ የሙሾ ግጥም አላስቀምጥ አላት። ፈልጋው አይደለም። ጎንበስ ብላ ስታርም፣ በገዛ ድምፅዋ፣ "አልጋህም ተነጥፎ ጋቢህ ታጥቦ ሳለ" እያለ ይመጣባታል። ቀጣዩን ስንኝም ታውቀዋለች። እሱ ሳይደርስ ታስላለች፣ አረሙን ትረግማለች፣ ወይም ያለ ጉዳይ አዛናውን ትጣራለች። አንድ ቀን ሩዝ መፈተጊያው ቤት፣ በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሐል ሰማችውና ጆንያዋን ጥላ ወጣች። ሌላውን ሰው ሙት ያባንነዋል፤ እሷን ያባነናት የራሷ ሙያ ነው።

እንዲህ እያለች ነው ቢታንያ የመጣችባት። ቢታንያ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣ ግጥሙም ዜማውም የራሱ የሆነ ሰው የሚዘፍንበት ዝግጅት ጀምራለች። አናጢው ስለ መጋዙ ዘፍኗል፤ አንዲት ነርስ በክራር ስለ እናቷ ተጫውታ አዳራሹን አስነብታለች። ሙናዬን ለቅሶ ላይ የሰማቻት ዕለት ተከትላት ቤቷ ድረስ ሄደች።

"እማማ ሙናዬ፣ አንድ እሑድ ይምጡልን" አለቻት።

ሙናዬ ሳቀች። "ልጄ፣ የኔ ዘፈን ሬሳ ይፈልጋል።"

"እንግዲያው ሩዝ ሲያርሙ የሚሉትን ይዝፈኑልን። እሱስ ሬሳ አይፈልግም።"

ሙናዬ እሺ አለች። ምክንያቷን ለማንም አልነገረችም እንጂ፣ በሰው ፊት የደስታ ዘፈን ብትዘፍን ያኛው ይለቃት ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነው። አዛናውም ደስ አለው። የመስከረም የመጨረሻ እሑድ አዲስ ጋቢውን ለብሶ ፊት ካለው ወንበር ተቀመጠ።

አጀማመሯ ያማረ ነበር፦

ርብ ሞልቶ ሲመጣ ደለሉን ተሸክሞ፣
ሩዙ ቀና አለ ካረሙ ጋር ቆሞ።

አዳራሹ ተቀበላት። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ መቀበል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በተቀበላት ቁጥር አፏ የሚሄድበትን መንገድ ያውቃል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እሷም ዜማው መቼ ዝቅ እንዳለ አላወቀችም።

ሰሊጡም ታጨደ ክምሩም ተወቃ፣
አጫጁ የት ተኛ እስካሁን ሳይነቃ።

አልጋህም ተነጥፎ ጋቢህ ታጥቦ ሳለ፣
ምን ልብስ አገኘህ ካፈር የተሻለ።

ወጣቶቹ ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ። ከኋላ የነበሩት ባልቴቶች ግን ብድግ ብለው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። "ወይኔ ገበያው!" አለች አንዷ፣ ቤቱም በአንድ አፍ ተቀበላት። በሩ ሥር የነበረው አለኸኝ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሙናዬ አልቅሳ ሰው ያልሞተበት ጊዜ አጋጥሞት አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ ጡሩምባው ተሰማ። "የአቶ አዛናው ልጅ ገበያው አርፏል፤ ለቅሶ ድረሱ!" ሙናዬና አዛናው ቤታቸው ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር።

ሙናዬ ልትናገር ሞከረች። ለአንዷ ጎረቤት "ማንም አልነገረኝ'ኮ" ብትላት፣ ኀዘን ያዘባረቃት መስሏት አቅፋ አስቀመጠቻት። ለአዛናው ልትነግረው ሦስቴ ተነሣች። እሱ ግን የአምስት ዓመቱን ለቅሶ በአንድ ጊዜ እያለቀሰ ነበር። ጎረምሳ ሳለ እንኳ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ሁለተኛው ቀን ላይ እህል ቀመሰ፤ ተቀምጦም እንቅልፍ ወሰደው።

በሠልስቱ የነፍስ አባታቸው ቄስ ማስተዋል ጠየቁ፦ "ያረፈበት ዕለት መቼ ነው? ሙት ዓመቱን ከዚያ ነው የምንቆጥረው።"

ድንኳኑ ሁሉ አዛናውን አየ። አዛናው ደግሞ እሷን አየ።

"አላውቅም፤ ግጥም ብቻ ነው" ብትል ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ልጇ ተመልሶ የጠፋ ሰው ይሆናል፣ አዛናውም ጊደሯን እየጠበቀ ይኖራል። እውነቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የባሏን ዓይን ስታይ ግን አምስት ዓመት ያላየችውን ዕረፍት አየችበት፤ ያን ዕረፍት መልሳ ልትነጥቀው አልቻለችም።

"በሄደ በዓመቱ፣ ጥቅምት አምስት" አለች። "የአቦ ዕለት። አብሮት ያጭድ የነበረ ሰው ነው የነገረኝ።"

አዛናው ተጠግቶ እጇን ያዘ። "አንች ሴት፣ እኔን ብለሽ ነው ይኸን ሁሉ ዓመት ለብቻሽ የተሸከምሽው?" አለና በሰው ፊት እጇን ሳማት። ሙናዬ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሰዉ ለልጇ መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ግጥሙ መጥቶባት አያውቅም። በምትኩ ሌላ ነገር መጣባት። በሰላም ተቀምጣ ሳለች የግቢው በር ሲንኳኳ ደንግጣ ብድግ ትላለች፤ ረጅም ጎረምሳ ከሩቅ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ሙናዬ ልጇ በሕይወት እንዳይመጣባት ትፈራለች። ይህን ፍርሃት ልትናዘዝ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ ቄስ ማስተዋል ገና ከሩቅ ሲያዩዋት "ስለ ገበያው ነፍስ ዛሬም ጸልያለሁ" አሏት፤ እሷም መስቀላቸውን ተሳልማ ወደ ቤቷ ተመለሰች።